«ማን» ማለት ሰው ነበር

(ስቶክሆልም ውስጥ በአንድ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ፣ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆችና ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት ምሽት ያደረግኩት ንግግር ነው። ከማስታወሻዬ አስተካክዬ ጻፍኩት።)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ብርድ ከቤት ወጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ገና ስላልተፈጠረ አንድ ቃል ነው። ከቃሉ በፊት ግን እኔ ላይ የደረሰ ነገር ልንገራችሁ።

ሥራዬን አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። አስተርጓሚ ነኝ። ቀኑን በአማርኛና በስዊድንኛ መካከል ቆሜ እውላለሁ። ብዙው ሥራ በስልክ ነው። ፊት አይታየኝም፤ የምሰማው ድምፅ ብቻ ነው። አንድ ቀን አንዲት እናት ነርስ ፊት ተቀምጠው እኔ በስልክ ገባሁ። እናታችን «ባለፈው ያዩኝ ሐኪም መድኃኒቱን ቀንሺ ብለውኛል፤ የማደርገው እሳቸው ያሉኝን ነው» አሉ። እኔም ሳልዘገይ ወደ ስዊድንኛ መለስኩት። «ሃን» አልኩ። ሃን ማለት «እሱ» ነው።

ነርሷ ግራ ገባት። እኚህን እናት ያየ ወንድ ሐኪም መዝገቡ ላይ የለም። ምናልባት ሌላ ቦታ ታክመው ይሆን? ምናልባት የመድኃኒቱ ነገር ከሌላ ሰው የተሰማ ይሆን? ጥያቄው በዛ። እናታችንም ያላመኗቸው መሰላቸው፤ ድምፃቸው ተለወጠ። በመጨረሻ ሐኪሟ ሴት መሆናቸው ታወቀ።

እናታችን አልተሳሳቱም። አማርኛ «እሳቸው» ሲል አክብሮቱን ይናገራል እንጂ ወንድ ይሁኑ ሴት አይናገርም። ስዊድንኛው ነው «ሃን» ወይስ «ሆን»፣ እሱ ወይስ እሷ፣ ምረጪ ያለኝ። እኔም መረጥኩ። ማንም ሳያስገድደኝ ወንዱን መረጥኩ። «ሐኪም» ሲባል ዓይኔ ላይ የመጣው ወንድ ነበር። እኔ ራሴ ሴት ነኝ፣ ሥራዬም ቃል መመዘን ነው። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

በተቃራኒውም አለ። ነርሷ «ዱ» ስትል ችግሩ የአማርኛ ይሆናል። ስዊድንኛ፣ ጀርመንኛ፣ ደች፣ እንግሊዝኛ፣ ሁሉም አንድን ሰው ፊት ለፊት ሲያናግሩ ወንድና ሴት አይለዩም። እኛ እንለያለን። «ዱ» በተባለ ቁጥር እኔ ፊት ሦስት በር ይከፈታል፦ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ። ስለዚህ አንዱ ቋንቋ ከሌላው ይሻላል ለማለት አልመጣሁም። እያንዳንዱ ቋንቋ ፆታን የሚጠይቅበት የራሱ ቦታ አለው። ያንን ቦታ የመረጠው ማን ነው? መቼስ አንድ ሰው ተቀምጦ አልወሰነውም።

አሁን ግን ተቀምጦ የሚወስን ሰው አግኝቻለሁ። የእህቴ ልጅ ነው። እዚያ ከኋላ ተቀምጧል። አስራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ቋንቋ እየፈጠረ ነው።

አትገረሙ። ቋንቋ መፍጠር የቆየ ሥራ ነው። የእሱ ግን ልዩ ዓይነት ነው። እዚህ ስዊድን ተወልዶ፣ እንግሊዝኛ ከስልኩ፣ ጀርመንኛ ከትምህርት ቤት፣ አማርኛ ከእናቱ ተምሯል። እነዚህ የሰሜን አውሮፓ ቋንቋዎች ዘመዳሞች መሆናቸው ገረመው። እጅ በስዊድንኛ «ሃንድ» ነው፤ በጀርመንኛም፣ በደችም፣ በእንግሊዝኛም ያው ነው። ቤት «ሁስ»፣ «ሃውስ» ይባላል። «ለምን አንድ የጋራ ቋንቋ አይወጣቸውም?» አለ። ይህን ሐሳብ ከእሱ በፊት ያሰቡት አሉ። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1995 ጀምሮ «ፎልክስፕራክ» የተባለ ቋንቋ ለመሥራት ሰዎች በኢንተርኔት ተሰባስበው ነበር። የሕዝብ ንግግር እንደማለት ነው። ዋና ሐሳባቸው ቀላል ነበር፤ ጀርመናዊ የሚባሉት፣ እነዚህ ዘመዳሞቹ ቋንቋዎች፣ የሚጋሩትን ቃል ውሰድ፣ የማይጋሩትን ተው። አንድ ባለቤት አልነበረውም። ስላልተስማሙም ቋንቋው በብዙ ተከፋፈለ። የእህቴ ልጅ በዚያው መንገድ ሄዶ የራሱን በደብተር ጀመረ።

ሥራው በሚያስደንቅ ፍጥነት ሄደለት። እናት፣ አባት፣ ወንድም፣ ቤት፣ ጣት፣ ውሃ። ሁሉም ከእህትማማቾቹ ቋንቋዎች በድምፅ ብልጫ ወጡ። «ወንድ» የሚለው ደግሞ ያለ ክርክር አለፈ። እንግሊዝኛ «ማን»፣ ጀርመንኛ «ማን»፣ ደች «ማን»፣ ስዊድንኛ «ማን»። እንዲህ የተስማሙበት ቃል ጥቂት ነው። ቀጥሎ «ሴት» መጣ፣ እዚያ ላይ ቆመ። አንድ እሑድ ቡና ስናፈላ ደብተሩን ይዞ መጣ። «አክስቴ፣ ሴት የምትለዋን ምን ልበላት?» አለኝ። ቦታው ባዶ ነበር።

እስቲ አብረን እንሞክረው። በእንግሊዝኛ «ዉማን» ነው። በጀርመንኛ «ፍራው»፣ በደች «ቭራው»። በስዊድንኛ «ክቪና»፣ በዴንማርክኛና በኖርዌይኛም የዚሁ ዘር። ቋንቋ ከቆጠርን የሰሜኖቹ ያሸንፋሉ፤ ሦስት ናቸው። ተናጋሪ ከቆጠርን እንግሊዝኛ ሁሉንም ይውጣል። ሰሜኖቹ በጣም ስለሚቀራረቡ እንደ አንድ ይቆጠሩ ካልን ደግሞ ፍራው ትበልጣለች። በየትኛውም አቆጣጠር የሆነ ሰው ይጮኻል።

ለምንድን ነው ለወንዱ አንድ ቃል ኖሮ ለሴቷ ሦስት የሆነው? ያን እሑድ መልሱን አላወቅኩትም። ከዚያ ወዲህ ሳነብ ከረምኩ። ዛሬ የጠራኋችሁ ያገኘሁትን ልነግራችሁ ነው።

በድሮ ጊዜ ለሴት የሚሆን የጋራ ቃል ነበራቸው። እንዲያውም ሁለት። አንዱ «ዊፍ» ነው። በጥንታዊ እንግሊዝኛ ዊፍ ማለት ሴት ነው፤ የዛሬው «ዋይፍ»፣ ሚስት፣ ከዚያ የመጣ ነው። ጀርመንኛው «ቫይብ» ሆነ፣ ደቹ «ዌይፍ»፣ ስዊድንኛው «ቪቭ»። አያችሁ፣ ሥሩ በሁሉም ዘንድ አለ። በድምፅ ብልጫ ሕግ ዊፍ ማሸነፍ ነበረበት። ግን ዛሬ አንዲትን ደች ሴት ዌይፍ ብላችሁ ብትጠሯት ሰድባችኋታል። ጀርመናዊቷን ቫይብ ብትሏትም ያው ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን ማርቲን ሉተር መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ጀርመንኛ ሲመልስ ቫይብን ያለ አንዳች ንቀት ይጠቀምበት ነበር። ቃሉ አልተለወጠም። ፊደሉም ያው ነው ማለት ይቻላል። የተለወጠው ሰው ቃሉን ሲናገር አፉ ውስጥ ያለው ነገር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በጣም ስለገረመኝ። ጀርመንኛ ለእያንዳንዱ ስም ሦስት ፆታ አለው፤ ተባዕት፣ አንስት፣ ከሁለቱም ያልሆነ። ቫይብ፣ ሴት ማለት የሆነው ቃል፣ ከሁለቱም ያልሆነው ክፍል ውስጥ ነው። በጥንታዊ እንግሊዝኛም ዊፍ እንዲሁ ነበር። ከዊፍና ከ«ማን» የተገጣጠመው «ዊፍማን» ደግሞ ሰዋስዉ ተባዕት ነበር። የዛሬው ዉማን ይህ ነው። ሴት ማለት ነው፤ ሰዋስዉ ግን እንደ ወንድ ይቆጥረው ነበር። ሲበዛ «ዊመን» ተብሎ የሚነበበው የድሮው የ«ዊ» ድምፅ እዚያ ስለቀረ ነው።

ዊፍ ሲወድቅ ጀርመኖች ሌላ ቃል ፈለጉ። «ፍራው»ን አመጡ። ፍራው ጥንት ተራ ሴት አይደለችም። እመቤት ናት። «ፍሮ» የሚባል ጌታ ማለት የሆነ ቃል ነበራቸው፤ ፍራው የእሱ አንስት ናት። ጌታው ፍሮ ጠፋ። እመቤቲቱ ቀረች። ቀርታም ቀስ በቀስ ከቤተ መንግሥት ወደ መንደር ወረደች፤ ዛሬ ማንኛዋም ሴት ፍራው ናት።

ይህን ስሰማ «እኛ ቤት የሆነ ነገር ነው» አልኩ። ወይዘሮን አስቡ። ድሮ ወይዘሮ የምትባለው የንጉሥ ዘር ያላት ናት። ዛሬ ቅጽ ስንሞላ ያገባች ሴት ሁሉ ወይዘሮ ናት። ከወይዘሮ ወይዘሪት ወጣች፤ ያላገባች። ጀርመንኛም ከፍራው «ፍሮይላይን» አወጣ፤ ትንሿ እመቤት፣ ያላገባች። ልዩነቱ እነሱ ማሳነሻ ሲጨምሩ ቃሉ ከሁለቱም ያልሆነው ክፍል ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ፍሮይላይንም «ሜድሽን»ም፣ ልጃገረድ ማለት ነው፣ በሰዋስው ሴት አይደሉም። እኛ ደግሞ ስናሳንስ አንስት እናደርጋለን። ትንሽና የምትወደድ ከሆነች ቤቷም «ቤቲቱ» ትባላለች፣ ጽዋውም «ጽዋዋ» ይሆናል። እነሱ ልጅቷን ትንሽ ስለሆነች ከሴትነት ያወጧታል፤ እኛ ዕቃውን ትንሽ ስለሆነ ሴት እናደርገዋለን። ሁለቱም ትንሽነትንና ሴትነትን አንድ ቦታ ያገናኛሉ።

ምዕራብ ጀርመን በ1972 ፍሮይላይንን ከመንግሥት ጽሕፈት አስወጣች። አዋቂ ሴት ሁሉ ፍራው ትባል ተባለ። ወንዱ አግብቶም ሳያገባም «ሄር» ነው፤ ትዳሩን ማንም አይጠይቀውም። ለምን ሴቷ ትጠየቃለች? ወይዘሮና ወይዘሪት የሚለውን ሳጥን በቅጽ ላይ ባየሁ ቁጥር ይህ ይታወሰኛል።

ሜድሽንን ሳልጨርሰው አለፍኩ። ሜድሽን የ«ማግት» ማሳነሻ ነው። ማግት መጀመሪያ ያላገባች ወጣት ማለት ነበር፤ በኋላ የቤት አገልጋይ ሆነ። «ዲርነ» የሚባልም አለ። እሱም ወጣት ሴት ማለት ነበር፤ ወርዶ ወርዶ ዛሬ ገላዋን የምትሸጥ ማለት ሆኗል። በእንግሊዝኛ የቤት እመቤት ማለት ከሆነው ቃል «ሃዚ» የሚል ስድብ ወጣ። በጀርመንኛ «ፍራውንትሲመር» የሴቶች ክፍል ማለት ነበር፤ ከክፍሉ ወደ ሴቶቹ ተዛወረ፣ ከሴቶቹ ወደ አንዲት ሴት፣ ከዚያ ወደ ንቀት። ስዊድኖች ይህንኑ ወስደው «ፍሩንቲመር» አሉት።

እኛስ? «ልጃገረድ» ውስጥ ምን እንዳለ አዳምጡ። ገረድ አለች። «ልጃገረድ» ብለን በግጥም እናወድሳለን፤ «ገረድ» ብለን ግን ዛሬ አንዲትን ሴት አንጠራም፣ ነውር ነው። «ሴትዮ» ብሎ መጥራትስ? ቃሉ ውስጥ ስድብ የለም። ገበያ ውስጥ «አንቺ ሴትዮ!» ያላችሁን ሰው ግን አትረሱትም።

ከዚህ ሁሉ መካከል አንዱን ቃል በጣም ወድጄዋለሁ። እንግሊዞች «ሌዲ» የሚሉትን። ጥንታዊው መልኩ «ህሌፍዲየ» ነው። «ህላፍ» ዳቦ ነው። የቀረው የሚያቦካ ማለት ነው። ሌዲ ማለት ዳቦ አቡኪ ናት። «ሎርድ» ደግሞ የዳቦ ጠባቂ ነው፤ እሷ ታቦካለች፣ እሱ ይጠብቃል። እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጣችሁ እናቶች፣ ከሥራ ገብታችሁ ሌሊት ሊጥ የምታቦኩት፣ በጥንታዊ እንግሊዝኛ ሌዲ ማለት እናንተ ናችሁ። ይህን ስናገር ሳቃችሁ፤ እኔ ግን ከልቤ ነው። ማዕረጉ የተወለደው ከቡሃቃው ነው።

ሁለተኛው የጋራ ቃል «ክዌን» ነው። ይህ ከዊፍም የበለጠ ዘመድ አለው። የስዊድንኛው ክቪና ከዚህ ነው። የራሺያኛው «ዤና»፣ የፋርስኛው «ዛን»፣ የግሪክኛው «ጊኔ» ሁሉ የዚህ እህቶች ናቸው። የማህፀን ሐኪምን ጋይናኮሎጂስት ስንል የግሪኳን እህት እየጠራን ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ ይህ ሥር ሁለት ልጆች ወለደ። አንዷ «ክዊን» ናት፣ ንግሥት። ሌላዋም በድምፅ «ክዊን» ናት፤ በአጻጻፍ በአንድ ፊደል ትለያለች። እሷ ግን መጥፎ ሴት ማለት ሆነች። ሁለቱ አንድ ዓይነት ስለተሰሙ ስድቧ ከአፍ ጠፋች፣ ዙፋን ላይ ያለችው ቀረች። በሰሜን ግን ቃሉ አልወደቀም። ክቪና ዛሬም ሴት ማለት ነው፤ ዙፋን ላይም አልወጣችም፣ ጭቃ ውስጥም አልገባችም። እኔ ይህን እንደ ትንሽ ተአምር ነው የማየው።

አሁን ወደ ወንዱ ልመለስ። ቅድም «ማን ያለ ክርክር አለፈ» ብያችኋለሁ። ክርክር ነበረበት። ዛሬ ማታ የምለው ዋና ነገር ይኸው ነው።

ከዚህ በባቡር አርባ ደቂቃ ያህል ሄዳችሁ ኡፕሳላ ብትደርሱ፣ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በሐምራዊ ብራና ላይ በብርና በወርቅ ቀለም የተጻፈ ወንጌል አለ። ቋንቋው ጎትኛ ነው፤ የእነዚህ ቋንቋዎች ጥንታዊ ዘመድ፣ ዛሬ የሞተ። ትርጉሙን የሠራው ዉልፊላ የሚባል ጳጳስ ነው፣ በ4ኛው መቶ ዘመን። በአክሱም ኢዛና ክርስትናን የተቀበለበት ዘመን መሆኑን ልብ በሉ። የኡፕሳላው ብራና ራሱ የ6ኛው መቶ ዘመን ግልባጭ ነው። በዚያ ወንጌል ቋንቋ «ማና» ማለት ሰው ነው። ሴትም ወንድም። ወንድ ለማለት ሌላ ቃል ነበራቸው፣ «ዋይር»። በጥንታዊ እንግሊዝኛ «ዌር» ይባላል። ስለዚህ ሥርዓቱ ይህ ነበር፦ ዌር ወንድ፣ ዊፍ ሴት፣ ማን ሰው። ዊፍማን ሲሉ «ሴት ሰው» ማለታቸው ነው። እኛ «ወንድ ልጅ»፣ «ሴት ልጅ» እንደምንለው።

ታዲያ ዌር የት ገባ? ሞተ። ዛሬ የሚገኘው ሰው ጅብ ይሆናል እንደምንለው ያለ ተረት ውስጥ ነው። እነሱ ተኩላ ይሆናል ይላሉ፤ «ዌርዎልፍ»፣ ወንድ ተኩላ። ሌላም ቦታ ተደብቋል። «ዎርልድ»፣ ዓለም የሚለው ቃል፣ ከዌርና ዘመን ማለት ከሆነ ቃል የተሠራ ነው። የወንድ ዘመን ማለት ነው፤ የሰው ዘመን ብለው ይተረጉሙታል። ዌር ሲሞት ወንዱ ያለ ስም አልቀረም። «ሰው» የሚለውን ወሰደ። «ማን»፣ የሁሉ የነበረው ቃል፣ የእሱ ብቻ ሆነ። ሴቷ ከሰው ቃል ወጣች። ለዚህ ነው ለወንዱ አንድ ጽኑ ቃል፣ ለሷ ግን በየአገሩ የተለያየ የሆነው። እሱ የቆመው ማንም በማይሰድበው ቃል ላይ ነው። «ሰው» የሚለውን ቃል ማን ስድብ ያደርገዋል? እሷ ግን በየዘመኑ አዲስ ልብስ ተሰፍቶላት፣ ልብሱ ሲቆሽሽ ሌላ ይሰፋላት ነበር።

«እኛ እንዲህ አይደለንም» የሚል እንዳለ ፊታችሁ ላይ አያለሁ። እስቲ ልጠይቃችሁ። «ሰው» ማለት ወንድም ሴትም ነው፣ አይደል? ጥሩ። «ሰውየው መጣ» ብላችሁ ሴት የመጣች የሚመስለው ማን ነው? ሰውየው ወንድ ነው። ለሷ «ሴትዮዋ» እንላለን። ያው ሰው የሚለው ቃል ነው፤ «የው» ስንጨምርበት ሴቷን ውጭ ትቷት ገባ። እኔ ይህን አርባ ዓመት ስናገረው ኖሬ አልሰማሁትም ነበር። ትግርኛ ግን ከዚያው ከሰው ሥር ሁለቱንም አወጣ፤ «ሰብኣይ» ወንድ፣ «ሰበይቲ» ሴት። ሁለቱም «ሰብ» ውስጥ ቆመዋል።

ሉተርም ይህን ችግር ያገኘው ኦሪት ዘፍጥረት ላይ ነው። በዕብራይስጡ አዳም ሔዋንን ሲሰይም «ኢሽ» ከሚለው «ኢሻ»ን ያወጣል፤ ከወንድ ተገኝታለችና። ሉተር ድምፁን ለመጠበቅ «ማኒን» የሚል ቃል ተጠቀመ። የኛ ግዕዝም ከ«ብእሲ» «ብእሲት» ይላል፣ ያምራል። አማርኛው «ከወንድ ተገኝታለችና ሴት ትባል» ሲል ግን ወንድና ሴት በድምፅ አይገናኙም። ምክንያቱ የጠፋ ይመስላል። ልጅ ሆኜ ስሰማው «እና ታዲያ ለምን ሴት?» እል ነበር። መልሱን ያገኘሁት ካደግኩ በኋላ ነው።

ቋንቋ የፈጠሩት የጥንት ሰዎችስ ምን አደረጉ? በፍጥነት ልንገራችሁ። በ1879 ዮሐን ማርቲን ሽላየር የሚባል ጀርመናዊ ቄስ «ቮላፒክ»ን ጀመረ። ብዙውን ቃል ከእንግሊዝኛና ከጀርመንኛ ነው የወሰደው። ወንድም «ብሎድ» ነው። እህት «ሺብሎድ»። «ሺ» የሴት ባዕድ መነሻ ነው። ስለዚህ እህት ማለት «ሴት ወንድም» ሆነች። በ1887 ዛመንሆፍ የሚባል የዓይን ሐኪም ኤስፔራንቶ የሚባል ቋንቋ አወጣ። ኤስፔራንቶ ጀርመናዊ አይደለም፤ ነገር ግን ወንድን «ቪሮ» ብሎ ሴትን «ቪሪኖ» አለ። ቪሮ የላቲን ነው፤ ያ የሞተው ዌር ወንድሙ ነው። አያችሁ? ነጭ ወረቀት ፊታቸው ነበር። የወደዱትን መጻፍ ይችሉ ነበር። መጀመሪያ ወንዱን ጻፉ፣ ከዚያ ጭራ ጨምረው ሴቷን አደረጉ። ክፉ ሰዎች ስለነበሩ አይደለም። እኔ «ሃን» እንዳልኩት ነው።

የእህቴ ልጅ በድምፅ ብልጫ ሄዶ ያቆመው እዚህ ላይ ነው። ምክሬን ጠይቆኛልና በእናንተ ፊት ልስጠው። ድምፅ መቁጠሩን እዚህ ላይ ተወው። ድምፁ የተሰጠው የዛሬ ሺህ ዓመት ነው፣ ሴቶቹ አልተጠየቁም። አንተ ምረጥ። ለሰው «ሜንስክ» በል። ይህ ቃል ሁሉም ዘንድ አለ፤ ጀርመንኛ «ሜንሽ»፣ ደች «ሜንስ»፣ ዴንማርክኛ «ሜነስከ»፣ ስዊድንኛ «ሜኒሻ»። እንግሊዝኛ ብቻ ነው የጣለው። ከ«ማን» የወጣ ነው፤ ግን ወንዱ አልወሰደውም። እንዲያውም በስዊድንኛ ሜኒሻ ሲጠራ በልማድ «ሆን»፣ እሷ፣ ይባል ነበር። ሰው፣ እሷ። «ማን»ን ለወንዱ ተውለት፣ ለምዶታል። ለሴት ደግሞ «ክቪን» በል። ጀርመኑ መጀመሪያ ላይገባው ይችላል። ይማረው። ፍራው ማዕረግ ናት፣ ዊፍ ቆስሏል፣ ዉማን ውስጥ «ማን» ተቀምጧል። ክቪን ግን ከማንም ሳትወጣ፣ ጭራ ሳትጨምር፣ በራሷ ሴት ናት።

«አዲስ ቃል ማን ይቀበላል?» ትሉኝ ይሆናል። ስዊድን ውስጥ ነው ያለነው። «ሄን» የሚለውን ቃል ልጆቻችሁ ያውቁታል። እሱ ወይም እሷ ሳይባል አንድን ሰው ለመጥራት የተፈጠረ ቃል ነው። በ1966 አንድ ጸሐፊ ኡፕሳላ በሚታተም ጋዜጣ ላይ ሐሳቡን አቀረበው። ማንም አልሰማውም። በ1994 እንደገና ተነሣ። አሁንም ዝም። በ2012 አንድ የልጆች መጽሐፍ ተጠቀመበት፤ ያኔ አገሩ ሁሉ ተከራከረ። በ2015 የስዊድን አካዳሚ የቃላት መዝገብ ውስጥ ገባ። ወደ ሃምሳ ዓመት ያህል ፈጀ። ከፊንላንድኛው «ሄን» ጋር መመሳሰሉም ረድቶታል፤ ፊንላንዶች እሱና እሷ የሚል ልዩነት ኖሯቸው አያውቅም።

ሄንን ሁሉም አይወደውም፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥም የማይወደው አለ፣ አከብራለሁ። እኔ ግን በስልክ ላይ ሳለሁ፣ ሐኪሟን ሳላያቸው፣ ያን ቃል ብጠቀም ኖሮ እናታችን ውሸታም አይመስሉም ነበር። አሁን በሥራዬ የምጠቀምበት ቀን አለ። ወይም ቃሉን ትቼ «ሐኪሙ፣ ሐኪሟ?» ብዬ እጠይቃለሁ። መጠየቅ አስር ሰከንድ ነው የሚፈጀው።

ንግግሬ ይኸው ነበር። ከዚያ ጥያቄ ተጀመረ። ስለ ሄን ሞቅ ያለ ክርክር ተደረገ፤ እሱን ሌላ ጊዜ እጽፈዋለሁ። በመጨረሻ አንዲት እናት ከፊት ወንበር እጃቸውን አነሡ። ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ኋላ ዞረው የእህቴን ልጅ ፈለጉት።

«አንተ ልጅ፣ የት ነህ? በዚህ በምትሠራው ቋንቋ እኔ ሐኪሜን አንቱ ልል ብፈልግ ምን እላለሁ?»

ልጁ ተነሣ። ደብተሩን ገለጠ፣ ገጾቹን አገላበጠ።

«እማማ፣ አንቱ የለኝም» አለ። «ዱ ብቻ ነው ያለኝ።»

«እና ሐኪሜን ዱ ልበላቸው?»

አዳራሹ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። እስክሪብቶውን ከኪሱ አውጥቶ «እሳቸው» የሚለውን ባማርኛ ፊደል ባዶ መስመር ላይ ጻፈው። ከዚያ ለፊተኛዋ እናት፣ «እሱንም ወደ ቤት ይዤው ልሂድ፣ እማማ፤ ቅዳሜ እነግርዎታለሁ» አላቸው።